የጥልቅ ውኃ መንጠቆ፤ ስለ ሚሺጋን ሐይቅ የዓሣ ማስገር ታሪክ የቀረበ ንግግር



ጣናችን እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር አያልፍም። በሰሜን አሜሪካ የሚገኘው የሚሺጋን ሐይቅ ግን እስከ 281 ሜትር ይወርዳል። የሐይቅ ትራውት የሚባለው የአገሩ ዓሣ ቀዝቃዛ ውኃ ወዳድ በመሆኑ፣ በሞቃቱ ወራት ወደ ጥልቁ ይሰወራል። አጥማጁም ዘዴውን ከዚህ ጠባይ ተማረ፤ አንድም በዝግታ በሚጓዝ ጀልባ ኋላ ማባበያውን በመዳብ ሽቦ እየጎተተ ይሄዳል፣ አንድም ከባድ ማባበያ ቁልቁል አውርዶ ከፍ ዝቅ እያደረገ ዓሣውን ያነሣሣል።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ግን (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ትራውት ከሚሺጋን ሐይቅ ጠፋ። የኒያግራን ፏፏቴ በጎን አልፎ ለመርከቦች መንገድ የከፈተው የዌላንድ ቦይ፣ ላምፕሬ ለተባለው መንጋጋ አልባ ደም መጣጭም መንገድ ሆኖት ነበር። ላምፕሬ በ1921 በኢሪ ሐይቅ፣ በ1936 በሚሺጋን ታየ። ገደብ ያጣው የንግድ ማስገር ያዳከመውን ትራውት እርሱ ጨረሰው። በላተኛው ሲጠፋ ኤልዋይፍ የተባለ ሌላ መጤ ትንሽ ዓሣ ያለ ልክ ተራባ፤ በ1967 በድኑ የባሕር ዳርቻውን ሞላው።

በዚህ መካከል የላምፕሬን እጭ በየወንዙ የሚገድል ኬሚካል ተገኝቶ ነበር። የሚሺጋን ግዛት የዓሣ ሀብት ኃላፊ የነበሩት ሃዋርድ ታነር በ1966 የጸደይ ወራት የፓስፊክ ውቅያኖስን ኮሆ ሳልመን ወደ ሐይቁ ገባር ወንዞች አስለቀቁ። ይህን ውሳኔ ብዙዎች እንደ ሥነ ሕይወት ድል ብቻ ይተርኩታል። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ የባለቤትነት ውሳኔ ነበር እላለሁ፤ ሐይቁ ለመረብ ነጋዴው ሳይሆን ለመዝናኛ አጥማጁ ይሁን ተብሎ ተቈርጧልና።

ሕዝቡ በትንንሽ ጀልባዎች ወደ ሐይቁ ጎረፈ። በመስከረም 1967 ድንገተኛ ማዕበል ሰባት አጥማጆችን ገደለ። ጥልቁን የመድረስ ዘዴም በዚያ ዘመን ተለወጠ፤ በተለየ ገመድ የተንጠለጠለ ከባድ እርሳስ ክሩን በመቆንጠጫ ይዞ ወደሚፈለገው ጥልቀት ያወርደዋል፣ ዓሣው ሲነክስ ክሩ ከመቆንጠጫው ይላቀቃል፣ አጥማጁም ያለ ክብደቱ ከዓሣው ጋር ብቻ ይታገላል። ቀላል ዘንግ የያዘ የከተማ ሰው፣ ቀድሞ የመዳብ ሽቦ ይጠይቀው ወደነበረው ጥልቀት ደረሰ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሌላ ባለ መብት ነበር። የኦዳዋና የኦጂብዌ ሕዝቦች በ1836 ውል ሰፊ መሬት ለአሜሪካ መንግሥት ሲያስረክቡ የማስገር መብታቸውን አልሰጡም። ግዛቱ መረባቸውን በመከልከሉ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1979 ዳኛ ኖኤል ፎክስ መብቱ ጸንቶ እንደሚኖር ፈረዱ። የመዝናኛ አጥማጆቹ ተቃውሞ ብርቱ ነበር። ከሩቅ ውቅያኖስ መጥቶ ዕድሜው ሁለት ዐሥርት ዓመት ያልሞላው ሳልመን፣ የመቶ ዓመት ውል ካላቸው ሰዎች ይልቅ የሐይቁ ተወላጅ መስሎ መታየቱ ለታሪክ ተማሪ የሚያስገርም ነው።

ሐይቆቹ ራሳቸውም አንድ ነገር ገልጠዋል። ኤልዋይፍ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም ስላለው፣ እርሱን አብዝቶ የሚበላ ትራውት ጫጩቶቹ ይሞቱበታል። በጎረቤቱ በሂውረን ሐይቅ ኤልዋይፍ በ2004 ገደማ ሲመናመን፣ ኤልዋይፍን የሚመገበው ሳልመንም ተመናመነ፤ ትራውት ግን በገዛ ራሱ በስፋት መራባት ጀመረ።