ውሃና ከፍታ፤ የአንኮበር ታሪክ ለውሃ አቅርቦት ትምህርት የሚሰጠው ማስረጃ

መግቢያ

በምሕንድስና ክፍሎቻችን ስለ ውሃ አቅርቦትና ስለ ቧንቧ ሥራ የሚሰጠው ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀመር ነው። ተማሪው ግፊት ምን እንደሆነ፥ የፍሰት መጠን እንዴት እንደሚሰላ፥ የቧንቧ ስፋት በምን እንደሚወሰን ከሰሌዳ ላይ ይገለብጣል፤ በፈተናም ጊዜ በትክክል ይመልሳል። ነገር ግን ያው ተማሪ በተወለደበት ቀበሌ የተተከለው ቦኖ ስለ ምን እንደደረቀ ቢጠየቅ መልስ ሲያጣ ይታያል። ይህ ጉድለት ከተማሪው ስንፍና የመጣ ሳይሆን፥ ትምህርቱ ከአገሩ መልክዐ ምድርና ከአገሩ ታሪክ ተነጥሎ የሚቀርብለት በመሆኑ የተፈጠረ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የውሃ አቅርቦትን መሠረታዊ ትምህርት በአንድ የታወቀ ሥፍራ ታሪክ አማካይነት ለማስረዳት መሞከር ነው። ሥፍራው በሰሜን ሸዋ የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ጎረቤላና በአቅራቢያዋ የሚገኘው ጥንታዊው የአንኮበር ቤተ መንግሥት ኮረብታ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የሥፍራው አቀማመጥ

ጎረቤላ ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ደጋው ተቆርጦ ወደ አዋሽ ቆላ በሚወርድበት የገደል አፋፍ ላይ ትገኛለች። በዚህ አካባቢ ያለው የተራራ ሰንሰለት ለሁለት የውሃ ተፋሰሶች ድንበር ነው። ከተራራው በስተ ምዕራብ የሚዘንበው ዝናብ የደብረ ብርሃንን በሬሳ ወንዝ ተከትሎ ወደ ጀማ፥ ከጀማም ወደ ዓባይ ይወርዳል። በስተ ምሥራቅ የሚዘንበው ደግሞ ገደሉን ወርዶ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል፤ አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በአፋር ሐይቆች ይቀራል። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደዚህ አፋፍ ወስዶ ቢያቆማቸው፥ ተፋሰስ የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ ትርጉም ይልቅ በዓይናቸው ያዩታል።

የሸዋ መሳፍንት ከአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ አንኮበርን መቀመጫ ያደረጉት ለውሃ ብለው አልነበረም። ኮረብታው ቀጥ ያለና ለመከላከል የተመቸ፥ ከቆላው የሚመጣውንም የንግድ መንገድ የሚቆጣጠር ነበር። ከሥሩ ባለው ቁልቁለት የአልዩ አምባ ገበያ ይገኛል። ነገር ግን ለጦር የተመቸ ከፍታ ለውሃ አይመችም። ምንጭ የሚፈልቀው ከኮረብታው ጎንና ግርጌ እንጂ ከአናቱ አይደለም። ስለዚህ በቤተ መንግሥቱ የሚጠጣው፥ የሚታጠብበትና ለጠጅ የሚጣለው ውሃ ሁሉ በእንስራ በሰው ጀርባ ዳገቱን መውጣት ነበረበት።

ይህን ሸክም ተማሪው በቁጥር እንዲያውቀው ማድረግ ይገባል። አምስት ሰዎች ላሉበት ቤተሰብ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢታሰብ፥ በቀን 100 ሊትር ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፥ 20 ሊትር በሚይዝ ዕቃ አምስት ምልልስ ይሆናል ማለት ነው። ምንጩ ከቤቱ 100 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ ከሆነ፥ ውሃ ቀጂዋ በየቀኑ ከገዛ ሰውነቷ ክብደት በተጨማሪ 100 ኪሎ ግራም ወደ 100 ሜትር ከፍታ ታወጣለች። የውሃ ምሕንድስና ተግባር በአጭሩ ሲገለጽ ይህን ሥራ ከሴቶችና ከልጃገረዶች ጀርባ አንሥቶ ለምድር ስበት ወይም ለፓምፕ መስጠት ነው።

2. የአንኮበሩ የውሃ ወፍጮ

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት (1813–1847) የውሃን ጉልበት ለሥራ ለማዋል በአንኮበር አካባቢ ሙከራ ተደርጎ ነበር። በዘመኑ የነበሩ የውጭ አገር መንገደኞች እንደመሰከሩት፥ አንድ ባዕድ ባለ እጅ የውሃ ወፍጮ ተክሎ ነበር፤ ነገር ግን ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለተቃወሙት ወፍጮው ሳያገለግል ቀረ። በዚያው ዘመን፥ በ1840፥ ሄንሪ ዳርሲ የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ ከ12 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መስመር ሠርቶ የምንጭ ውሃ በስበት ኃይል ወደ ዲዦን ከተማ አስገብቷል።

ይህን የወፍጮ ታሪክ አንዳንዶች ለመሣቂያነት ይጠቅሱታል። እኛ ግን ለመምህራን ትልቅ ቁም ነገር እንዳለበት እናምናለን። ወፍጮው በባዕድ እጅ ተሠራ፤ እንዴት እንደሚዞር ለሕዝቡ የሚያስረዳና ሲበላሽ የሚጠግን የአገር ተወላጅ አልተዘጋጀለትም። ሕዝብ ያልተረዳውን ነገር አይጠብቀውም፤ ያልጠበቀውም ነገር አይቆይም። ዛሬ በየገጠሩ ቆመው የምናያቸው የደረቁ ቦኖዎችና የተሰበሩ የእጅ ፓምፖች የሰይጣን ሥራ ተብለው አልተተዉም፤ የተተዉበት መሠረታዊ ምክንያት ግን ከአንኮበሩ ወፍጮ እጅግ የራቀ አይደለም።

3. መሐንዲሱ በአንኮበር፥ ቧንቧው በአዲስ አበባ

አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ በዙሪክ ተምሮ፥ በንጉሥ ምኒልክ ጥሪ በ1879 አንኮበር ገባ። ምኒልክ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፥ ከእንጦጦም ወደ አዲስ አበባ መቀመጫቸውን ሲያዛውሩ እርሱም አብሮ ተዛወረ። በ1894 ከእንጦጦ ተራራ ሥር የሚፈልቀውን ውሃ በብረት ቧንቧ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት አስገባ። በአገራችን የዘመናዊ ቧንቧ ውሃ ታሪክ የሚጀመረው ከዚህ ነው።

በዚያን ጊዜ ብዙዎችን ያስገረመው ውሃው በቧንቧ መምጣቱ ብቻ አልነበረም። ቤተ መንግሥቱ ያለው በኮረብታ ላይ ነው። ከእንጦጦ የሚመጣው ውሃ አስቀድሞ ወደ ዝቅተኛው ሥፍራ ወርዶ፥ ከዚያ እንደገና ዳገት መውጣት ነበረበት። በወንዝና በቦይ ለለመደ ዓይን ውሃ ሽቅብ መሄዱ የማይታመን ነው። ምሥጢሩ ግን ግልጽ ነው። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ ከላይ ባለው የውሃ ዓምድ ክብደት ስለሚገፋ፥ በሌላው ጫፍ ወደ መነሻው ከፍታ ለመመለስ ይጥራል። ከመነሻው ከፍታ በላይ ግን አይወጣም፤ በጉዞም ላይ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር በሚያደርገው ሰበቃ ጥቂት ከፍታ ይጠፋበታል። እንጦጦ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ እጅግ ከፍ ያለ በመሆኑ፥ ሰበቃው የሚወስደው ተቀንሶ እንኳ የተረፈው ከፍታ በቂ ነበር።

አዲስ አበባ እያደገች ስትሄድ ምንጭ ብቻውን ስላልበቃት፥ የገፈርሳ ግድብ፥ በ1970 አካባቢም የለገዳዲ ግድብ፥ ኋላም የአቃቂ የከርሰ ምድር ውሃ ተጨመሩላት። የሥራው ስፋት ቢለወጥም መሠረቱ ያው የከፍታ ሕግ ነው።

ከኢልግ በፊትም አባቶቻችን ውሃን የመያዝና የመምራት ጥበብ ነበራቸው። በአክሱም የማይ ሹም ኩሬ፥ በጎንደር ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ የሚሞላው የፋሲለደስ መዋኛ፥ በላሊበላም የዝናብ ውሃ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ እንዳይቆም ተደርጎ የተፈለፈለው መውረጃ ይጠቀሳሉ። ይኸኛው በተለይ ሊዘነጋ የማይገባ ነው፤ ውሃን ማምጣት የሥራው ግማሽ ሲሆን፥ ማስወጣት ሁለተኛው ግማሽ ነውና።

4. የጎረቤላ ዳገት እንደ ቤተ ሙከራ

ከዚህ በላይ የተጠቀሰውን ሕግ በገደል ላይ ላለ ከተማ ሥራ ላይ ለማዋል ተማሪው በቅድሚያ ሦስት ነገሮችን ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው የምንጩ ጉልበት ነው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ምንጩ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በ40 ሴኮንድ ከሞላ፥ የሚሰጠው ውሃ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር፥ በ24 ሰዓት 43,200 ሊትር ነው። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢመደብ ለ2,160 ሰዎች ይበቃል። ነገር ግን ምንጭ ሌሊትም ይፈልቃል፤ ሰው ግን ሌሊት አይቀዳም። በስምንት የሌሊት ሰዓቶች የሚፈልቀው 14,400 ሊትር ማጠራቀሚያ ከሌለው በከንቱ ይፈስሳል። የማጠራቀሚያ ጥቅምና መጠን ከዚህ ስሌት ይገኛል። ልኬቱም መወሰድ ያለበት በክረምት ሳይሆን በበጋ መጨረሻ፥ ምንጩ እጅግ በሚያንስበት ወቅት ነው።

ሁለተኛው ግፊት ነው። በየ10 ሜትር የከፍታ ልዩነት በግምት 1 ባር ግፊት ይፈጠራል። ማጠራቀሚያው ከቦኖው 60 ሜትር ከፍ ቢል ግፊቱ 6 ባር ይሆናል። ከአንኮበር አፋፍ ወደ ቆላው አንድ መስመር ሳይቋረጥ 300 ሜትር ቢወርድ ግን ግፊቱ 30 ባር ይደርሳል፤ ይህንንም በገበያ የሚገኙት የተለመዱ የፕላስቲክ ቧንቧዎች አይችሉትም። ስለዚህ በመካከሉ ውሃው ከአየር ጋር ተገናኝቶ ግፊቱ ወደ ዜሮ የሚመለስበት የግፊት መስበሪያ ገንዳ በየደረጃው ይሠራል። በሜዳ ላይ ያለ ከተማ በግፊት ማነስ ሲቸገር፥ የገደል ከተማ በግፊት መብዛት ይቸገራል።

ሦስተኛው የቧንቧው ስፋት ነው። ያው የውሃ መጠን በግማሽ ስፋት ቧንቧ እንዲያልፍ ቢደረግ፥ በሰበቃ የሚጠፋው ከፍታ ሠላሳ ዕጥፍ ገደማ ይጨምራል። በገንዘብ ቁጠባ ስም ቀጭን ቧንቧ የሚገዛ ሰው ይህን አያውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዕጩ መምህራን ጋር፥ ስሙን መጥቀስ ወደማያስፈልግ አንድ የደጋ ትምህርት ቤት ሄደን ነበር። በግቢው የላይኛው ጫፍ የተተከለው ቧንቧ በዕረፍት ሰዓት ይደርቃል። ዕጩ መምህራኑ ምንጩ ደክሟል፥ ቧንቧው ተደፍኗል እያሉ ተከራከሩ። የግቢው ዘበኛ፥ አንድ ሽማግሌ፥ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «መምህር፥ ከታች ያሉት ልጆች ሲከፍቱት እላይ ያለው ይተኛል፤ እነርሱ ሲዘጉት ይነሣል» አሉን። መስመሩን ተከትለን ብንሄድ ዋናው ቧንቧ ከመግቢያው ጀምሮ ጠብቦ አገኘነው። ከታች ብዙ ውሃ ሲቀዳ ሰበቃው ከፍታውን ሁሉ ይበላዋል፤ ለላይኛው የሚተርፍ የለም። ቀመሩን የተማሩት ምክንያቱን አላዩትም፤ ምክንያቱን በየቀኑ ያዩት ሽማግሌ ደግሞ ቀመሩን የነገራቸው አልነበረም። ሥርዓተ ትምህርታችን ማገናኘት ያለበት እነዚህን ሁለቱን ነው።

5. ከበር ወዲህ

ውሃ ወደ ቤት ወይም ወደ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ የቧንቧ ሠራተኛው ኃላፊነት ይቀጥላል። በመግቢያው ላይ ለጥገና የሚዘጋ ዋና መዝጊያ ሊኖር ይገባል። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ደጋ ውርጭ የታወቀ ስለሆነ ቧንቧው ከመሬት በታች በበቂ ጥልቀት መቀበር አለበት። ከመታጠቢያና ከሽንት ቤት የሚወጣው ቧንቧ፥ ጥቂት ውሃ ይዞ ሽታን የሚያግድ ሲፎንና ወደ ጣሪያ የሚወጣ የአየር ቧንቧ ያስፈልገዋል። የሚጠጣው መስመር ከቆሻሻው መስመር መራቅ አለበት።

ይህ የጽዳት ደንብ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። በ1854 በለንደን ከተማ ኮሌራ በተነሣ ጊዜ ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም የሞቱትን ሰዎች ቤቶች በካርታ ላይ አስፍሮ፥ ብዙዎቹ በአንድ የመንገድ ፓምፕ ዙሪያ መሆናቸውን አሳየ፤ የፓምፑም እጀታ እንዲነቀል ተደረገ። ጉድጓዱን የበከለው ከአጠገቡ የነበረ የቆሻሻ ጉድጓድ ነው። ከምንጭ በላይ የተቆፈረ ሽንት ቤት በአገራችንም ያንኑ ጉዳት ያደርሳል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ሦስት አሳቦችን እናቀርባለን። አንደኛ፥ የውሃ አቅርቦት ትምህርት ከቀመር በፊት ከአካባቢው ተፋሰስ፥ ምንጭና ከፍታ ቢጀመር። ሁለተኛ፥ ማናቸውም ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ምንጭ በጀሪካንና በሰዓት ለክቶ፥ አንድ መስመር ከመነሻ እስከ መድረሻ በእግሩ ተከትሎ፥ ያገኘውን በጽሑፍ ቢያቀርብ። ሦስተኛ፥ ለመስመሩ ጠባቂ የሚሆኑትን የአካባቢ ሰዎች ማስተማር ከሥራው ውጭ እንደሆነ ትርፍ ነገር ሳይሆን እንደ ሥራው አካል ቢቆጠር።

የአንኮበሩ ወፍጮ የቆመው ወንዙ ስላነሰ አልነበረም። የእንጦጦው ቧንቧ ደግሞ ውሃ ሽቅብ እንደሚወጣ ለሁሉ አሳይቷል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚያጠብበው መምህሩ ነው። ዛሬም በጎረቤላ ቁልቁለት ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ ልጅ ካለች፥ ትምህርታችን ለእርሷ ምን ሠራ ብለን ሳንጠይቅ ቀመሩን ብቻ አስተምረን መውጣት አይገባንም።