ዜና አንባቢነት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን፤ ከአምቦና ከወንጪ በኩል ሲታይ

የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ በኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረው ሌላ ሰው የጻፈውን ዘገባ በራሱ ፊትና ድምፅ ለሕዝብ የሚያደርስ ባለሙያ ሆኖ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በነበሩት ስድስት ዐሥርት ዓመታት መንግሥታት ሲለዋወጡ ለውጡን የማብሠርም ሆነ የማርዳት ዕጣ የወደቀው በእርሱ ላይ ነው። የዚህ ሙያ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት የጣቢያው ምሥረታ፣ የመሣሪያዎቹ መሻሻልና የኃላፊዎቹ መሾምና መሻር ናቸው፤ ይሁን እንጂ አንባቢ ያለ አድማጭ ሙሉ ስለማይሆን፣ ሙያው ምን እንደ ነበረና ምን እንደ ጎደለው በግልጽ የሚታየው ከስቱዲዮው ርቀው፣ ዜናው ከሚደርስበት ስፍራ ሆነው ሲመለከቱት ነው። ለዚህም አምቦና በዙሪያዋ ያሉት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ እንዲሁም በአምቦና በወሊሶ መካከል ከፍ ብሎ የሚገኘው የወንጪ ተራራማ አገር ጥሩ መመልከቻ ይሆናሉ፤ ለዋና ከተማው ቅርብ ሆነው ሳለ በመልክዓ ምድራቸውም በሕዝባቸው ቋንቋም ምክንያት ዜና አንባቢው ዘግይቶ የደረሰባቸው ስፍራዎች ናቸውና።

የሕዝብ ማስታወቂያን በድምፅ ማድረስ በዚህ አገር ከቴሌቪዥን እጅግ የቆየ ልማድ ነው። የማዕከላዊው መንግሥት ቃል ነጋሪት እየተጎሰመ በአዋጅ ነጋሪ አፍ ይሰማ የነበረ ሲሆን፣ አዋጅ ነጋሪው የራሱ ሐሳብ የማይጠየቅበት የላኪው ቃል አድራሽ ነበር። የሜጫ ኦሮሞ ደግሞ በገዳ ሥርዓቱ፣ በዛሬው ምዕራብ ሸዋ ዞን በሚገኘው በኦዳ ቢሲል በሚያደርገው ጉባኤ፣ ላለባ የሚባል ሥርዓት ነበረው፤ ይህም የተመከረበትን ሕግ በቃሉ ያጠና ሰው በጉባኤው ፊት ቆሞ የሚያውጅበት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለዚህ ጽሑፍ መሠረታዊ ነው፤ አንደኛው ከላይ የወረደን ቃል ሲያሰማ፣ ሁለተኛው አድማጮቹ ራሳቸው የመከሩበትን ቃል መልሶ ያሰማቸዋል። ዘመናዊው ዜና አንባቢ በአቋሙ የወረሰው አዋጅ ነጋሪውን እንጂ የላለባውን ሰው አልነበረም፤ ሙያው ኋላ የገጠመው ፈተና ሁሉ ከዚህ ውርስ ይመነጫል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1927 ዓ.ም. በአቃቂ የተመረቀው የሬዲዮ ጣቢያ፣ ኋላም ከጣሊያን ወረራ በኋላ እንደገና ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ሬዲዮ፣ አዋጁን ከገበያ ወደ ቤት አስገባው። ቴሌቪዥን ግን እስከ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት። ዕለቱ የተመረጠው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በመሆኑ ነው፤ ጣቢያው ቶምሰን በተባለው የብሪታንያ ኩባንያ እገዛ ተቋቁሞ፣ ጣሊያናዊው አርኪቴክት አርቱሮ መዜዲሚ በነደፈው አዲሱ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሥራውን ጀመረ። አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ለሁለተኛ ጊዜ የማራቶን ባለድል የሆነው ከዚያ 12 ቀን ቀደም ብሎ ነበርና፣ አገሩ ያንን ታላቅ ወሬ በአገር ውስጥ ቴሌቪዥን ለማየት ለጥቂት አመለጠው። ከመሥራቾቹ መካከል ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ሳሙኤል ፈረንጅና ባልደረቦቻቸው በአገር ውስጥ አርአያ የሚሆናቸው ሰው ሳይኖር፣ ካሜራ ፊት መቀመጥን፣ ወረቀት ይዞ ቀና ማለትን፣ ድምፅን ከምስል ጋር ማስማማትን እየሠሩ የተማሩ ሰዎች ናቸው።

የዚህን ትውልድ ድካም ለመረዳት ሥራው እንዴት ይከናወን እንደ ነበር ማየት ያስፈልጋል። ምስሉ የሚቀረጸው በፊልም ስለ ነበር፣ ፊልሙ ታጥቦና ተቆርጦ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙውም ድምፅ የሌለው በመሆኑ ዜና አንባቢው ምስሉ እያለፈ ጽሑፉን ከሥሩ ያነብባል፣ ቀድሞ ቢጨርስ ወይም ቢዘገይ ስሕተቱ ወዲያውኑ ይታያል። ጽሑፉን በካሜራው ሌንስ ፊት እያንሸራተተ የሚያሳየው ቴሌፕሮምፕተር የሚባለው መሣሪያ ባልነበረበት ጊዜ፣ አንባቢው አንዱን ዐረፍተ ነገር በዓይኑ ለቅሞ፣ ቀና ብሎ ተመልካቹን እያየ ተናግሮ፣ ወደ ወረቀቱ ሲመለስ ያቆመበትን ስፍራ ሳይስት ማግኘት ነበረበት። በዚህ ላይ የፊደሉ ጠባይ ይጨመራል፤ የግእዝ ፊደል መጥበቅንና መላላትን ስለማያመለክት፣ «እርዳታ ይሰጣል» የሚለውን ሐረግ ላልቶ ወይም ጠብቆ ማንበብ አድራጊውን ግሥ ተደራጊ ሊያደርገው ይችላል፤ ስለዚህ ጥሩ ዜና አንባቢ ከማንበቡ በፊት የተረዳ ሰው ነበር። የማዕረግ ስሞችም ትንፋሽን ይፈትኑ ነበር። በንጉሡ ዘመን የግርማዊነታቸው ሙሉ መጠሪያ፣ በኋላም በደርግ ማብቂያ «የኢሠፓ ማዕከላዊ ኮሚቴ ዋና ጸሐፊ፣ የኢሕዲሪ ፕሬዚዳንትና የአብዮታዊው ጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ» የሚለው ረዥም ማዕረግ፣ ሳይቆረጥና ሳይዛባ መነበብ ነበረበት። ከዚህ የተነሣ ዝግ ያለ፣ ከበድ ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል የሚያስረግጥ የአነባበብ ስልት ተፈጠረ፤ ይህ ስልት ለአማርኛ ያበረከተው ጥራት በቋንቋው ታሪክ ውስጥ ተገቢውን ስፍራ ሊያገኝ የሚገባው ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወንጪ ላይ የሚሰማው ሬዲዮ ነበር። የቴሌቪዥን ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ከማሠራጫው ወደ ተቀባዩ አንቴና የሚያየው መንገድ ሊኖረው ይገባል፤ የወንጪ ሐይቅ ደግሞ በጥንት እሳተ ገሞራ በተፈጠረ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ጠርዝ በከበበው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ከጠርዙ ላይ ያለ ቤት ሊያገኝ የሚችለውን ሞገድ ከሥር በሐይቁ ዳር ያለው ላያገኘው ይችላል። ጣቢያው መጀመሪያ ከአዲስ አበባና ከቅርብ አካባቢዋ የማያልፍ ስለ ነበር፣ ገብስና እንሰት የሚያበቅለው የወንጪ ገበሬ ዜና አንባቢውን ለዓመታት ያወቀው በባትሪ ሬዲዮ፣ በድምፁ ብቻ ነው። ቴሌቪዥን በተስፋፋ ጊዜም አስቀድሞ ያየው እንደ አምቦ ባሉት ከተሞች በሻይ ቤትና በመጠጥ ቤት ተሰብስቦ የሚመለከተው ከተሜ ሆነ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የብሪታንያዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በዚያች ሌሊት ቴሌቪዥን ከዘውድ በዓል ማድመቂያነት ወደ መንግሥት መጣያነት ተሸጋገረ፤ ዜና አንባቢዎቹ ግን በወንበራቸው ላይ የሚያነቡት ወረቀት ብቻ ተለወጠባቸው። ሥርዓቱ ሲወድቅ ወረቀቱን የጻፈው ሰው ሲሰወር አንባቢው ግን በፊቱ ይታወቃልና፣ ባልጻፈው ቃል የመወቀስ ዕዳ በዚህ ሙያ ላይ የተጫነ ከባድ ግፍ ነው። ይህን ጭንቅ በልብ ወለድ በግልጽ ያሳየው በዓሉ ግርማ ሲሆን፣ በ1975 ዓ.ም. የታተመው «ኦሮማይ» ዋና ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለማርያም በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አሥመራ የሚላክ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. የገባበት ሳይታወቅ ቀረ። በዚያው ዓመት ማብቂያና በአዲሱ ዓመት መባቻ፣ የኢሠፓ መሥራች ጉባኤና የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሲከበር ቴሌቪዥኑ በቀለም ሥርጭት ደምቆ ሲታይ፣ ከሳምንታት በኋላ ዓለም በብሪታንያው ቢቢሲ በሰሜን ኢትዮጵያ በቆረም የነበሩትን ረሃብተኞች አየ።

የመንግሥቱ ኃይለማርያምን ከአገር መውጣት ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያነበቡት ዳሪዮስ ሞዲ ነበሩ፤ ዐሥራ ሰባት ዓመት የቆየ ሥርዓት ማክተሙን ሕዝቡ የተረዳው በአንድ አንባቢ ያልተንቀጠቀጠ ድምፅ ነው። ለምዕራብ ሸዋ አድማጭ ግን ከዚያ የበለጠ ለውጥ ያመጣው ሌላ ጉዳይ ነበር። ቴሌቪዥኑ ሲመሠረት ቋንቋዎቹ አማርኛና እንግሊዝኛ ነበሩ፤ ኦሮምኛ በሬዲዮ ቢሰማም፣ ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮም «በሪሳ» የተሰኘው ጋዜጣ በግእዝ ፊደል ቢታተምም፣ የአምቦ እናት ዜና አንባቢ በራሷ ቋንቋ ሲያነብ በቴሌቪዥን አላየችም። ጣቢያው በተመሠረተ በ27ኛ ዓመቱ፣ በዚያችው በጥቅምት 23 ቀን፣ በ1984 ዓ.ም. ቁቤ የሚባለው የላቲን ፊደል የኦሮምኛ መጻፊያ እንዲሆን ተወሰነ፤ ቴሌቪዥኑም በዚያው የለውጥ ዘመን ኦሮምኛንና ትግርኛን ጨመረ። ለዜና አንባቢው ይህ ተግባራዊ ትርጉም ነበረው፤ ቁቤ የድምፅን መርዘምና መጥበቅ በፊደል ስለሚያሳይ፣ የኦሮምኛው አንባቢ በአማርኛው አንባቢ ላይ የነበረው ዓይነት የመገመት ሸክም ተቃለለለት። በ1990ዎቹ ማብቂያ ደግሞ ማእከሉን አዳማ ያደረገው የኦሮሚያ ቴሌቪዥን ተቋቁሞ፣ ኦሮምኛ ዜና አንባቢነት ራሱን የቻለ የሥራ ዘርፍ ሆነ።

ቋንቋው መገኘቱ ግን እምነትን ብቻውን አላመጣም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በመቃወም አምቦ ላይ በተነሣው ሰልፍ የሰው ሕይወት ሲጠፋ፣ ኋላም በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የጀመረው ተቃውሞ ሲስፋፋ፣ የምዕራብ ሸዋ ተመልካች በዓይኑ ያየውን በመንግሥት ጣቢያ ከሚነበበው መግለጫ ጋር ማነጻጸር ጀመረ። በቤቱ ጣሪያ ላይ ዲሽ የተከለ ሁሉ በ2006 ዓ.ም. ከአሜሪካ ሚኔሶታ ሥርጭት ወደ ጀመረው ኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ፣ ወይም ወደ ሌላው የስደት ጣቢያ ወደ ኢሳት ዞረ። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. በተቃውሞው ምክንያት የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚያስፈጽመው ኮማንድ ፖስት እነዚህን ሁለት ጣቢያዎች መመልከትን በመመሪያ ከለከለ። አንድን ዜና አንባቢ ማየት ወንጀል እስኪሆን መድረሱ፣ መንግሥት ራሱ የአንባቢውን ኃይል ምን ያህል እንደሚፈራ ያሳየበት ውሳኔ ነው። የስደት ጣቢያዎቹም ቢሆኑ ወገናዊነት የሌለባቸው አልነበሩም፤ የአምቦን ሰው የሳቡት በቋንቋውና ስለ እርሱ በመናገራቸው ነው።

በ2010 ዓ.ም. ክልከላው ተነሥቶ ጣቢያዎቹ አዲስ አበባ ቢሮ ቢከፍቱም፣ ዘመኑ አጭር ሆነ። የአምቦው ተወላጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ጋር ያደረገው ቃለ መጠይቅ ከተላለፈ ከሳምንት በኋላ፣ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተገደለ፤ ጣቢያው ተዘጋ፣ ኢንተርኔትም በአገሪቱ ተቋረጠ፣ ከአምቦ የተላለፈውን የቀብር ሥነ ሥርዓት ሕዝቡ ያየው በቴሌቪዥን ነው። ኢንተርኔት በሌለበት በእነዚያ ቀናት ዜና አንባቢው፣ የማኅበራዊ መገናኛዎች ዘመን አሮጌ ያደረገው የመሰለው ሙያ፣ እንደ ገና ብቸኛው የወሬ በር ሆኖ ነበር።

ወንጪ ራሷ በዜና ዘወትር የምትነሣ የሆነችው ከዚህ ወዲህ ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የገበታ ለአገር ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመረጠች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው 44 መንደሮች አንዷ ሆነች። በዚያን ጊዜ ስለ ሐይቋ፣ በደሴቱ ላይ ስላለው የቂርቆስ ገዳምና ስለ ፈረሶቿ የሚናገረው ዜና በአማርኛም በኦሮምኛም የሚነበብ ነበር። በመገናኛ ብዙኃን የሚሰማው ኦሮምኛ በአነባበቡ የምዕራቡን ዘዬ፣ ማለትም የሜጫንና የወለጋን አነጋገር፣ ብዙ የተከተለ ነው።