ከጣት ምርመራ እስከ አፍንጫ በር፦ የፒቱታሪ እባጭ ቀዶ ሕክምና ከጎጃም ደጋ ሲታይ

መግቢያ

ፒቱታሪ ከአተር ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ እጢ ናት። ከአንጎል ሥር፣ ሐኪሞች በቅርጹ «የቱርክ ኮርቻ» በሚሉት የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ሆና እድገትን፣ የወር አበባንና የጡት ወተትን ትመራለች። እባጭ ወጥቶባት ወደ ላይ ሲያድግ ልክ ከበላይዋ የሚጋጠሙትን የዓይን ነርቮች ይጫናል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው፤ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የሚኖር ሕመምተኛ የዓይን ብርሃን መትረፉ ከቀዶ ሕክምናው ርቀት እኩል በመጀመሪያው የዓይን ምርመራ ላይ ያርፋል።

የአፍንጫው መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1907 ሄርማን ሽሎፈር በኢንስብሩክ የፒቱታሪን እባጭ በአፍንጫ በኩል አወጣ። ሃርቪ ኩሺንግ መንገዱን ቢያሻሽለውም ኋላ ላይ የራስ ቅል ወደ መክፈቱ ተመለሰ። በ1960ዎቹ ዡል አርዲ በማይክሮስኮፕ መንገዱን አነቃው፤ በ1990ዎቹ ደግሞ ኢንዶስኮፕ መጣ። ዛሬ ሐኪሙ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ መብራት መመልከቻ በአፍንጫ ቀዳዳ ያስገባል፣ ከኋላ ያለውን የአጥንት ክፍተት ይከፍታል፣ የኮርቻውን ስስ ወለል ያነሣል፣ እባጩንም በጥቃቅን መቧጠጫ ይጠርጋል። ፊት አይቀደድም፤ አንጎልም አይገፋም። ሆኖም አንገትን አልፈው ወደ አንጎል የሚወጡት ትልልቅ የደም ሥሮች ግራና ቀኝ ተጠግተው ይገኛሉ። የአንጎል ፈሳሽ ካፈተለከም ከሆድ በተወሰደ ስብ ወይም በአፍንጫ ውስጥ ሽፋን ይደፈናል።

ውይይት

በኢትዮጵያ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኖርዌዩ በርገን ጋር በመተባበር ተጀመረ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ለመድረስ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን ሌላ እንቅፋት አለ። የአማራ ክልል ትራኮማ እጅግ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ፣ ዓይኔ ደከመ ያለ ሁሉ ትራኮማ ወይም ሞራ ይዞት ይሆናል ተብሎ መታሰቡ አይቀርም። የፒቱታሪ እባጭ በተለምዶ የሚነጥቀው የግራና የቀኝ ጠርዝን ነው። ገበሬው ከፊቱ ያለውን ትልም ያያል፤ በገበያ ግን ከጎን የሚመጣ ሰው ትከሻውን ይገጨዋል። የሰሌዳውን ፊደል አጥርቶ ሊያነብ ስለሚችል በሰሌዳ ብቻ የተመረመረ ሰው «ደህና ነህ» ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። መርማሪውና ሕመምተኛው ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አንድ አንድ ዓይን እየሸፈኑ፣ ከጎን የሚንቀሳቀስ ጣት መቼ እንደሚታይ ማመሳከር ይበቃል። ሳትፀንስ ወይም ሳታጠባ ጡቷ ወተት የሚያፈስ፣ የወር አበባዋም የቀረ ሴት ስትመጣ ደግሞ የፕሮላክቲን ምርመራ ይታዘዝላት፤ ይህ ዓይነቱ እባጭ ባብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በኪኒን ይሟሽሻል።

መደምደሚያ

ጫናው በጊዜ ከተነሣለት ነርቩ ብዙ ጊዜ ያገግማል፤ ከጠወለገ በኋላ ግን እጅግ የሠለጠነ እጅም የሄደውን ብርሃን መመለስ ይቸግረዋል። ስለዚህ የጣቱ ምርመራ በየጤና ጣቢያው ከፊደል ሰሌዳው ጎን ቦታ ይሰጠው፤ የዓባይን በረሃ የሚሻገረው ሕመምተኛም ገና እያየ ይሻገር።