የሚንከባለሉ ኳሶች ጥበብ፦ ከመሳፍንት ግምጃ ቤት እስከ አውቶቡስ መናኸሪያ

ተንከባላይ ኳስ ያላቸው ቅርጻ ቅርጾች የሚባሉት፣ ኳሶች በገዛ ክብደታቸው በተዳፋት ሐዲድ ላይ እየወረዱ፣ እግረ መንገዳቸውንም ደወል እየመቱና ሚዛን እያጋደሉ የሚጓዙባቸው፣ ታች ሲደርሱም በሞተር ወይም በእጅ ወደ ላይ ተመልሰው ጉዟቸውን የሚደግሙባቸው የእጅ ሥራዎች ናቸው። ሙያው ራሱን ችሎ የቆመው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ቢሆንም፣ ሥሩ በአውሮፓ ሰዓት ሠሪዎች ዘንድ ይገኛል።

በጀርመን አውግስቡርግ ይኖር የነበረው ሐንስ ሽሎትሃይም እ.ኤ.አ. በ1600 ገደማ በባቢሎን ግንብ አምሳል ያበጀው ሰዓት፣ ዛሬ በድሬስደን በሳክሶኒ መሳፍንት የቀድሞ ግምጃ ቤት ተቀምጧል። ግንቡን በሚዞረው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ እንደ መስተዋት ከጠራ ድንጋይ የተሠራ ኳስ በ1 ደቂቃ ከጫፍ እስከ ግርጌ ይወርዳል፤ መልሶ የማንሳቱ ሥራ ግን በግንቡ ውስጥ ተሰውሮ ይከናወን ስለነበር፣ ባለጸጋው የሚገዛው ጊዜ መቁጠሪያውን ብቻ ሳይሆን ምስጢሩንም ጭምር ነበር።

በጦር ሮኬቶቹ ይበልጥ የሚታወቀው እንግሊዛዊው ዊልያም ኮንግሪቭ በበኩሉ በ1808 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሰዓት፣ ጠመዝማዛ ቦይ በተቀረጸበት ዘንባላ የናስ ሰሌዳ ላይ አንዲት ኳስ የምትመላለስበት ነው። ኳሷ ከቦዩ ጫፍ ደርሳ መቆለፊያውን ስትገፋ ሰሌዳው በሞላ ጉልበት ወደ ሌላኛው ጎን ያዘነብልና ኳሷ በመጣችበት ትመለሳለች። ይሁንና ጥቂት አቧራ እንኳ ፍጥነቷን ስለሚለውጠው ሰዓቱ ጊዜን በትክክል ሊጠብቅ አልቻለም። ሰዎች ግን ጉድለቱን እያወቁም ሰዓቱን መሥራትና መግዛት አልተዉም፤ ከዚህ በላይ የኳስ ጉዞ ራሱ ለዓይን የሚበቃ ነገር መሆኑን የሚመሰክር ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህን ጉዞ ከሰዓትነት ግዴታ አላቅቀው ለብቻው ካቆሙት መካከል ዋነኛው፣ ሠዓሊና የወረቀት ማጠፍ ጥበብ ባለሙያ የነበረው አሜሪካዊው ጆርጅ ሮድስ (1926–2021) ነው። ሽሎትሃይም የሰወረውን ሮድስ ገለጠው፤ ማንሻ ሰንሰለቱ፣ መንገድ መቀየሪያው፣ ቃጭሉ ሁሉ በግልጽ እንዲታይ አደረገ። የገበያ ማዕከላት ገንቢ የነበረው ዴቪድ ቤርማንት ሥራዎቹን እየገዛ ሕዝብ በሚመላለስባቸው ማዕከላት ስላቆማቸው፣ ጥበቡ ከሰብሳቢዎች ቤት ወጥቶ አደባባይ ዋለ። በ1983 በኒው ዮርክ ፖርት ኦቶሪቲ አውቶቡስ መናኸሪያ አንዱ ሥራ ሲቆም፣ ቀድሞ መስፍን ብቻ የሚያየው ትዕይንት አውቶቡስ ለሚጠብቅ መንገደኛ ሁሉ በነጻ ደረሰ፤ ይህ በዚህ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ለውጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1987 ደግሞ ቁመቱ ከ8 ሜትር የሚበልጥ ሥራው በቦስተን የሳይንስ ሙዚየም ተተከለ።

በአነስተኛ ወርክሾፖች የሚሠሩት ቅርጻ ቅርጾች አብዛኛውን ጊዜ ሐዲዳቸው ጎን ለጎን ከተበየዱ ሁለት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች የሚዘጋጅ ሲሆን፣ የሚንከባለለውም የኩሽኔታ ብይ ወይም ሌላ የብረት ኳስ ነው። የሠሪው ብልሃት ጎልቶ የሚታየው በዘንጎቹ ክፍተት ላይ ነው፤ ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ኳሱ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ያንኑ ርቀት ለመሄድ አብዝቶ መሽከርከር ይኖርበታል፣ ከከፍታው ያገኘው ጉልበትም ወደ መሽከርከሩ ስለሚያደላ ጉዞው ይዘገያል። ስለዚህ ሠሪው ተዳፋቱን ሳይነካ፣ ዘንጎቹን በማራራቅና በማቀራረብ ብቻ ኳሱን ያዘገየዋል ወይም ያፈጥነዋል። ኳሱ ዙሮ በሚገለበጥበት ቀለበት ላይ ግን ከፍታ ግድ ነው፤ መነሻው ከቀለበቱ ግርጌ ቢያንስ የቀለበቱን ሬዲየስ 2.7 እጥፍ ያህል ከፍ ካላለ፣ ኳሱ አናት ላይ ከሐዲዱ ተላቆ ይወድቃል፤ በሁለት ዘንግ ላይ ሲሆንና ፍትጊያው ሲታከልበት ደግሞ ከዚህም የበለጠ ከፍታ ያስፈልጋል።

የእነዚህ ሥራዎች ሽያጭም ከኳሱ የማያቋርጥ ጉዞ ጋር የተሳሰረ ነው። ኳሱ ሲመላለስ ሐዲዱን ስለሚበላው፣ ሰንሰለቱም ስለሚላላ፣ ለአደባባይ የሚቆም ሥራ የገዛ ተቋም ጥገናውንም አብሮ ማሰብ አለበት፤ ሠሪውም ሥራውን ከማስረከቡ በፊት ለረጅም ሰዓት እያስኬደ፣ ኳስ የዘለለበትን መታጠፊያ ሁሉ እንደገና በእጁ ያቃናል።