አክሊሉ ሀብተ ወልድ፦ አገርን በሕግ የተሟገቱ፣ ለራሳቸው ዳኛ ያላገኙ ጠቅላይ ሚኒስትር

ከሮተርዳም ዙይድ ተሳፋሪ ጭነን ዴን ሃግ ስንገባ ብዙ ጊዜ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በኩል እናልፋለን። በ1944 ዓ.ም. የኢራኑ ጠቅላይ ሚኒስትር መሐመድ ሞሳዴቅ እንግሊዝ በነዳጅ ጉዳይ ብትከሳቸው እዚያ ድረስ መጥተው ተሟግተዋል፤ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለኝም አለ። የእኛም አገር እዚያው ችሎት ቆማለች። ዛሬ የምናነሳቸው የዚያን ዘመን ሰው ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድን ነው።

አክሊሉ በ1904 ዓ.ም. ከካህን ቤተሰብ ተወለዱ። እስክንድርያ የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ገቡ፣ ፓሪስ ደግሞ ሕግ ተማሩ። ጣልያን አገራችንን ሲወር እዚያው ፓሪስ ሆነው ለኢትዮጵያ ተከራከሩ። ከነጻነት በኋላ ዋናው ሥራቸው የውጭ ጉዳይ ሆነ።

በ1938 የፓሪስ የሰላም ጉባኤ ላይ ከጣልያን ጋር ፊት ለፊት ተሟገቱ። ቀጥሎ የኤርትራ ጉዳይ መጣ። የተባበሩት መንግሥታት ኅዳር 1943 ፌዴሬሽኑን ወሰነ፤ መስከረም 1945 ሥራ ላይ ዋለ፤ ኅዳር 1955 ፈረሰ። አንዳንዱ ይህን የአክሊሉ ትልቁ ድል ይለዋል፣ ሌላው የቁስሉ መጀመሪያ። እዚሁ ሆላንድ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል።

ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ዴን ሃግ የከሰሰችው በ1953 ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሡ ግርግር ወንድማቸው መኮንን ሀብተ ወልድ ተገደሉ፤ ሚያዝያ ላይ አክሊሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሐምሌ 1958 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት እኩል ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ ክሱ ውድቅ ሆነ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ያው ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያ ውስጥ መቆየቷ ሕገወጥ ነው አለ።

አገር ቤትስ? አክሊሉ ሚኒስትሮቻቸውን መርጠው እንዲያቀርቡ የተፈቀደላቸው በ1958 ነው፤ የመጨረሻው ቃል ያኔም የንጉሡ ነበር። የመሬቱ ጥያቄ ሳይፈታ ቆየ። የወሎ ረሃብ ሕዝቡን ሲፈጅ መንግሥታቸው ደበቀው። ይሄ የማይካድ ነው። በ1966 የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች፣ የሙያ አባቶቻችን፣ ሥራ አቆሙ፤ መምህሩም ወታደሩም ተነሳ። የካቲት ላይ አክሊሉ ከነካቢኔያቸው ሥልጣን ለቀቁ፤ ብዙም ሳይቆይ ታሰሩ።

እስር ቤት ሆነው ለመርማሪ ኮሚሽኑ የጻፉት በኋላ «የአክሊሉ ማስታወሻ» ተብሎ ታተመ። ምርመራው ግን ከፍርድ ሳይደርስ ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ከወንድማቸው ከአካለ ወርቅና እነሱን ከተኩት ጠቅላይ ሚኒስትር ከእንዳልካቸው መኮንን ጋር ረሸናቸው። «ስድሳዎቹ» የምንላቸው እነዚህን ነው።

ሞሳዴቅን እንኳ በ1945 ከሥልጣን የገለበጧቸው ሰዎች ችሎት አቅርበዋቸዋል። የወታደር ችሎት ነበር፣ ሦስት ዓመትም ፈረደባቸው፤ ቢሆንም መልሳቸውን ዓለም ሰማ። የእኛው ሰው ያን አላገኙም። ችሎት ቢቀርቡ ኖሮ ረሃቡን ማን እንደደበቀ፣ ፌዴሬሽኑን ማን እንዳፈረሰ በመሐላ ይጠየቁ ነበር። ተጠያቂው በጥይት ዝም ሲል የወሎ ሟች ቤተሰብም መልሱን አጣ። እኛም ይኸው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ግማሻችን «ጀግና»፣ ግማሻችን «ወንጀለኛ» እያልን እንጨቃጨቃለን። ዛሬም «ያለ ፍርድ ይወገድ» የሚል ስትሰሙ ይህን አስታውሱት።