«ቶን»፣ «ጫን» እና «ኩንታል»፦ የመለኪያ ቃላት የትርጉም ጉዞ

የመለኪያ ቃላት ቁጥር ስለሚቀድማቸው ትርጉማቸው የረጋ ይመስላል። ተርጓሚም ቁጥሩን ይመረምራል እንጂ ቃሉን ብዙ ጊዜ አይጠራጠርም። በእንግሊዝኛ ለከባድ ጭነት ሁሉ የሚነገረው «ቶን» ግን ይህ እምነት መሠረት እንደሌለው ያሳያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቃሉን ታሪክ ከ«ጫን» እና ከ«ኩንታል» ታሪክ ጋር አስተያይቶ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች የሚሆነውን መደምደሚያ ማመልከት ነው።

«ቶን» በመነሻው የሚዛን ስም አልነበረም፤ የትልቅ በርሜል ስም ነበር። በእንግሊዝ አገር 252 የወይን ጋሎን የሚይዘው በርሜል ሲሞላ ከ2,000 ፓውንድ በላይ ይመዝን ስለነበረ፣ የመያዣው ስም ቀስ በቀስ ወደ ክብደቱ ተሻገረ። በኋላም ቃሉ ለሁለት ተከፈለ። በእንግሊዝ 2,240 ፓውንድ ወይም 1,016 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነው ረጅሙ ቶን ጸና፤ በአሜሪካ ደግሞ 2,000 ፓውንድ ወይም 907 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነው አጭሩ ቶን ተለመደ። 1,000 ኪሎ ግራም የሆነው የሜትሪክ ቶን ሲመጣ እንግሊዞች በፈረንሳይኛው አጻጻፍ ለዩት። በአማርኛ ግን ሁለቱም አጻጻፎች «ቶን» ተብለው ስለሚጻፉ፣ በምንጩ በፊደል የተጠበቀው ልዩነት በትርጉሙ ይጠፋል።

ቃሉ ከክብደትም አልፎ ሄዷል። በመርከብ ምዝገባ አንድ ቶን 100 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 2.83 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ቦታ ነበር፤ በዚህም ቃሉ ወደ ጥንተ ትርጉሙ፣ ወደ ይዘት ተመለሰ። በማቀዝቀዣ መሣሪያ አንድ ቶን ማለት አንድ አጭር ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት ሲሆን 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ስለ ፈንጂ ሲነገር ደግሞ የኃይል መለኪያ ነው። በተራ ንግግርም «ብዙ» ከማለት የተለየ ትርጉም የለውም።

ይህ የትርጉም ጉዞ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። በግእዝ «ጸዐነ» ከተባለው ግስ የመጣው «ጫነ» በቅሎ መኮርቻ ሲደረግባትም፣ አህያ እህል ሲሸከምም፣ ዛሬም ፕሮግራም በኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ ይነገራል። «ጭነት»ና «ጫና» የዚሁ ግስ ልጆች ናቸው። ከነዚሁ አንዱ «ጫን» ነው፤ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል እህል የሚሰፈርበት የመለኪያ ስም ሆኖ ኖሯል። መነሻው የጋማ ከብት በጀርባው የሚይዘው ሸክም ነው። ስለዚህ መጠኑ ከገበያ ገበያ፣ ከእንስሳው ዓይነትና ከቁናው ስፋት ጋር ይለያይ ነበር። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እህል በአህያና በበቅሎ ጀርባ ቁልቁለትና ዳገት ሲያቋርጥ ለኖረ ሕዝብ ጫን ሊታይና ሊዳሰስ የሚችል ልክ እንጂ ረቂቅ ቁጥር አልነበረም።

«ኩንታል» ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ሄዷል። የሩቅ ምንጩ «መቶ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ በዐረብኛ አልፎ ወደ ጣሊያንኛ ገባ። በእኛ ዘንድ 100 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ነገር ግን ሕዝቡ «ባዶ ኩንታል» ሲል ጆንያውን ማለቱ ነው። «ቶን» ከመያዣ ወደ ክብደት ሲሻገር፣ «ኩንታል» ከክብደት ወደ መያዣ ተሻገረ። ከዚህ የምንረዳው በመያዣና በክብደት መካከል ያለው ድንበር በየትኛውም ቋንቋ የጸና አለመሆኑን ነው።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። አገሪቱ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የሜትሪክን ሥርዓት በሕግ ከተቀበለች ወዲህ አንድ ቶን በአማርኛ 10 ኩንታል ሆኖ ይነበባል። አሁን 10,000 አጭር ቶን ስንዴ የሚል ሰነድ «10,000 ቶን» ተብሎ ተተርጉሞ ወደ 100,000 ኩንታል ቢለወጥ፣ በእርግጥ ያለው እህል 90,718 ኩንታል ገደማ ብቻ ነው። 9,282 ኩንታል በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ ማለት ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውና የላይ ጋይንትን፣ የታች ጋይንትንና የስማዳን ወረዳዎች ያቀፈው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል በመደበበት ስሌት ብንመነዝረው፣ የጠፋው ከ61 ሺህ ሰዎች በላይ የአንድ ወር ቀለብ ይሆናል። ቅጥያ አለመጻፍ እስከዚህ ያደርሳል።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በመዝገበ ቃላት «ቶን» በአንድ መስመር ብቻ ሊፈታ አይገባም፤ «ሜትሪክ ቶን»፣ «ረጅም ቶን»፣ «አጭር ቶን»፣ «የመርከብ ይዘት ቶን»፣ «የማቀዝቀዣ ቶን» እና «የፈንጂ ኃይል ቶን» በየራሳቸው ንኡስ ቃል ይግቡ። ሁለተኛ፣ ተርጓሚ የምንጩን ዓይነት ካላረጋገጠ ወደ ኩንታል አይለውጥ። ሦስተኛ፣ «ጫን»ን የመሰሉ ነባር መለኪያዎች በኪሎ ግራም ብቻ ሳይፈቱ፣ ልካቸው ከነአካባቢያቸው ይመዝገብ።

በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ተማሪ ዜማውን ስላወቀ ብቻ መምህር አይባልም፤ በምስክር ቤቱ ቀርቦ ያስመሰክራል። የመለኪያ ቃልም በመዝገብ ከመግባቱ በፊት፣ በየትኛው አገር፣ በየትኛው ሙያና በየትኛው ዘመን ስንት እንደሚመዝን ሊመሰከርለት ይገባል።