የተፈጥሮ ተሞክሮ መጥፋት

የተፈጥሮ ተሞክሮ መጥፋት ማለት ሰዎች ከዕፅዋት፣ ከአእዋፍ፣ ከነፍሳትና ከሌሎች ሕያዋን ጋር በቀጥታ የሚገናኙበት አጋጣሚ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየቀነሰ መሄዱ ነው። ሐሳቡን በዚህ ስም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የቢራቢሮ ተመራማሪና ደራሲ ሮበርት ማይክል ፓይል ሲሆን፣ በ1993 እ.ኤ.አ. «ዘ ተንደር ትሪ» በተባለው መጽሐፉ በሰፊው አብራርቶታል።

መነሻ

ፓይል ያደገው በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨር ከተማ አጠገብ ነው። በልጅነቱ ይውል የነበረው ሃይ ላይን ካናል በተባለ አሮጌ የመስኖ ቦይ ዳር ነበር። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ አልነበረም፤ ቢራቢሮን መውደድ የጀመረው ግን እዚያ ነው። በፓይል አስተሳሰብ አንድ ዝርያ በዓለም ላይ ገና በብዛት ቢኖርም፣ ሰው በእግሩ ሊደርስበት ከሚችለው አካባቢ ከጠፋ ለዚያ ሰው እንደጠፋ ይቆጠራል። ርቆ መሄድ ለማይችል ሕፃን፣ አዛውንት ወይም አካል ጉዳተኛ ጉዳቱ ይብሳል። ነገሩ ራሱን በራሱ ያባብሳል፦ ሰው የማያውቀው ነገር ሲጠፋ አያስተውልም፤ ካላስተዋለ አይከራከርለትም፤ ተከራካሪ ያጣ ቦታ ደግሞ በቀላሉ ይገነባበታል።

እንቅፋቶች

ተመራማሪዎች እንቅፋቶቹን በሁለት ይከፍሏቸዋል። አንደኛው የዕድል ማጣት ነው፤ በአቅራቢያ አረንጓዴ ቦታ አለመኖሩ ወይም በመኪና ብዛት የተነሳ ልጅን ብቻውን ወደ ውጭ መላክ ማስፈራቱ ለዚህ ምሳሌ ነው። ሁለተኛው የዝንባሌ ማጣት ነው። መናፈሻው ቅርብ ሆኖም የማይሄድበት ሰው ብዙ ነውና ዛፍ መትከል ብቻውን መልስ አይሆንም።

በጉዳዩ ላይ በብዛት ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ በ2002 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣው የአንድሩ ባልምፎርድና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። ለእንግሊዝ አገር የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የአገሩ ዕፅዋትና እንስሳት ሥዕሎች፣ እንዲሁም የፖኬሞን ገጸ ባሕርያት ሥዕሎች ቀረቡላቸው። የ4 ዓመት ልጆች ከዱር ሕያዋኑ 32 በመቶ፣ ከፖኬሞኖቹ ግን 7 በመቶ ብቻ ለዩ። በ8 ዓመታቸው የመጀመሪያው 53፣ ሁለተኛው 78 በመቶ ደረሰ። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ጨዋታውን ለመውቀስ ይጠቀሳል፤ ይህ ግን ችኮላ ነው። ጥናቱ የሚያሳየው የልጆች የመማር ችሎታ አለመጥፋቱን፣ አቅጣጫው ግን መለወጡን ነው። (በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ፖኬሞን ጎ ተጫዋቾችን ከቤት ቢያስወጣም፣ የሚታደኑት ፍጡራን ያሉት በስልኩ ስክሪን ላይ ነው።)

ስም ማወቅ ብቻውንም በቂ አይደለም። በእንግሊዝ የደርቢ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሰውን ከተፈጥሮ ጋር የሚያስተሳስሩት በስሜት ሕዋሳት መገናኘት፣ ውበት፣ ስሜት፣ ትርጉምና ርኅራኄ እንጂ ዕውቀት ብቻ እንዳልሆነ ገልጸዋል።

በኢትዮጵያ

በሰሜን ኢትዮጵያ፣ ለምሳሌ በደቡብ ጎንደር፣ እንደ ወይራ፣ ጽድና ዝግባ ያሉ አገር በቀል ዛፎች በአብዛኛው የቀሩት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ምእመኑ እነዚህን ዛፎች የሚያገኛቸው ለጉብኝት ወጥቶ ሳይሆን ለጸሎት ሲሄድ፣ ለቀብር ሲቆም ወይም ጥላ ሥር ሲያርፍ ነው፤ በዚህ ረገድ ቅጥር ግቢው የፓይልን የመስኖ ቦይ ይመስላል። ሆኖም ደኖቹ በእርሻና በግጦሽ መሬት የተከበቡ ናቸው። ከብት ወደ ውስጥ ሲገባ ችግኙን ስለሚበላና ስለሚረግጥ፣ ትልልቆቹ ዛፎች ሲያረጁ ተተኪ ያጣሉ። በዚህ ምክንያት አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ደናቸውን በድንጋይ ካብ አጥረዋል። በአንዳንድ ቦታም በአገር በቀሉ ዛፍ ፋንታ ባሕር ዛፍ ይተከላል፤ ከሩቅ ሲታይ ያው ደን ይመስላል።